ውሃ ስር ሳለህ

ሙርማንስክ፣ ሚያዝያ 17 ቀን 1966

ይድረስ ለሮዲዮን፣

«ውዴ» ብዬ ልጀምር ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ። ፖስታ ቤት ደብዳቤ ስለሚከፍቱ ይህን አልሰጠኋቸውም። ወደ ሩቅ ምሥራቁ የባሕር ዳርቻ ወደ ካምቻትካ ባሏ ዘንድ የምትጓዘው የመርከባችሁ ወጥ ሠሪ ሚስት በእጇ ታደርስልሃለች።

በደስታ ሰክረህ ጽፈህልኛል። በባሕር ሰርጓጅ መርከብ ከዚህ ከሰሜን ጠልቃችሁ፣ በአቶም ኃይል እየተነዳችሁ፣ አንዴም ብቅ ሳትሉ ግማሽ ዓለም ዞራችሁ እዚያ ካምቻትካ ወጣችሁ። ከአገራችን ሰው ከእናንተ በፊት ማንም አልሞከረውም። ሜዳልያም ተሸለምክ። «ቤት ተሰጥቶናል፤ እናቴን ይዘሽ ነይ» ትለኛለህ።

እናትህ ሞተዋል፣ ሮዲዮን። አንተ ውሃ ስር ሳለህ ቀበርኳቸው።

መልእክት እንዲያደርሱልኝ ጦር ሰፈሩ ሄጄ ነበር። መኮንኑ ቀና ብሎም አላየኝ። «ውሃ ስር ላለ ሰው መርዶ አይነገርም» አለኝ።

«መቼ ነው የሚመለሰው?»

«ሲመለስ ያዩታል።»

እሱስ ሥራው ነው። ሚስቱ ነፍሰ ጡር ስለሆነች ከጉዞው የቀረውን ጓደኛህን ቫለሪን ታውቀዋለህ። በረዶ የሆነውን መሬት መቃብር አድርጎ የቆፈረልኝ እሱ ነው። እየቆፈረ «አዛዡ እኮ አንድ በአንድ ጠይቆናል» አለኝ። «ቤቱ የታመመ ሰው ያለው ይቅር፣ ማንም አይቀየመውም አለን።»

«ሮዲዮንስ ምን አለ?»

አካፋውን መልሶ በረዶው ውስጥ ሰካ።

«ቫለሪ! ምን አለ?»

«ሁሉም ደህና ናቸው አለ።»

ደህና ናቸው! በዚያው ጠዋት ደም ሲተፉ የያዝክላቸው ሳህን እኮ ገና አልታጠበም ነበር። እኔንም «ለአጭር ልምምድ ነው» ብለኸኝ ወጣህ።

እናትህ እኔን ወደውኝ አያውቁም። ሾርባዬን ቀምሰው ፊታቸውን ሲያጨማድዱ ትስቅ ነበር። በመጨረሻው ቀን ግን እጄን ያዙኝና በቁልምጫ ስምህ «ሮድያ ደወለ?» አሉኝ።

«ደውሏል፤ መንገድ ላይ ነው።»

«ውሸታም!» አሉኝ ፈገግ ብለው። «መዋሸት እንደሱ እንኳ አትችይበትም። በይ ፀጉሬን አበጥሪልኝ፣ ድንገት ከመጣ።»

ፊታቸውን ወደ በሩ እንዳደረጉ አረፉ።

እኔ አልመጣም። የማስተምርበት ትምህርት ቤት አንዲት ክፍል ሰጥቶኛል። ልጅ ባለመውለዳችን ስንት ዓመት አለቀስኩ፤ ዛሬ ግን ተመስገን እላለሁ። ልብስህንና መጻሕፍትህን በባቡር ልኬልሃለሁ። ካፖርትህን ግን አስቀርቼዋለሁ። ማታ ማታ የምደርበው ክፍሏ ስለምትቀዘቅዝ ነው፤ ሌላ ነገር እንዳይመስልህ።

እናትህ ሲያርፉ መርቀውሃል። ልደብቅህ አስቤ ነበር፤ ግን ምርቃቱ የእኔ አይደለም። የት እንዳለህ ማንም አልነገራቸውም፤ እሳቸው ግን «ከውሃው በደህና ያውጣው» አሉ።

ይኸው፣ አወጣህ።

ሊዲያ