የባረኩትን ውሃ የፈሩት መምሬ ወልደሩፋኤል አድማሴ

መምሬ ወልደሩፋኤል አድማሴ ከአባታቸው ከመሪጌታ አድማሴ ኃይሉና ከእናታቸው ከወይዘሮ በዛች ይመር፣ ከመካነ ሰላም ወደ ከላላ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው በወይራ አፋፍ፣ ጳጉሜን 3 ቀን 1948 ዓ.ም. ተወለዱ። ዕለቱ የቅዱስ ሩፋኤል ነው፤ ዝናቡ በረከት ነው ተብሎ ትልቅ ትንሹ ደጅ ወጥቶ የሚመታበት ቀን ነው። ስለዚህ ስም ለማውጣት ማንም አልተጨነቀም።

ፊደል የቆጠሩት ከአባታቸው ዘንድ ነው። ዳዊት ከደገሙ በኋላ ከላላ ሄደው ቅዳሴ ተማሩ፤ በ1960 ዓ.ም. ዲቁና ተቀበሉ። ድምፃቸው ለዜማ እንደማይሆን የተነገራቸው ገና ያኔ ነው፤ እሳቸው ግን እስከ መጨረሻው አላመኑም፤ እሳቸው ሲቀድሱ ያስቀደሰ ሁሉ ምስክር ነው። በዘመናዊ ትምህርትም በመካነ ሰላም እስከ ስድስተኛ ክፍል ዘልቀዋል። በ1966 ዓ.ም. ከወይዘሮ ብርሀንነሽ ተሰማ ጋር በተክሊል ተጋብተው፣ በ1968 ዓ.ም. ቅስና ተቀበሉ። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ በወይራ አፋፍ ቅዱስ ሩፋኤል ቤተ ክርስቲያን ሳያቋርጡ አገልግለዋል።

መምሬ ቁጡ ነበሩ። ቅዳሴ ላይ የሚያወራ ሰው ካዩ ዓይናቸው ብቻውን ያስወጣል። ቁጣቸው ግን ከደጀ ሰላሙ አልፎ ቤት አይገባም፤ ቤት ውስጥ የሚቆጡት እናታችን ናቸው፣ እሳቸው ዝም ይላሉ። ይህን የምጽፈው የመጀመሪያ ልጃቸው ጸደንያ፣ መካነ ሰላም የማስተምረው ነኝ። ቁጣውን የወረስሁት እኔ ነኝና ቃሌ ቢሻክር ይቅር በሉኝ። የሚያነብላችሁ ወንድሜ ኃይለኢየሱስ ነው። ረዘመ ብሎ መስመር እንዳይዘል አስምዬዋለሁ።

የወይራ አፋፍ ሴቶች ድሮ ውሃ የሚቀዱት ላይ ድረስ ወጥተው፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ተዳፋት ሥር ከሚፈልቀው ምንጭ ነበር። ቁልቁለቱን እንስራ አዝለው ነው የሚወርዱት። እናታችን እስከ ዛሬ ወገባቸውን ይዘው የሚነሱት ከዚያ የተነሳ ነው። መምሬ ይህ ነገር ያንገበግባቸው ስለነበር፣ ከልጅነት ጓደኛቸው ከአቶ ሙሐመድኑር ጋር ወረዳ ለወረዳ ተንከራተቱ። አንዱ በሩፋኤል፣ አንዱ በወላሂ እየማሉ የቢሮ ሰው መግቢያ መውጫ አሳጡ። በመጨረሻ በ2001 ዓ.ም. ምንጩ በስሚንቶ ተገነባ፤ ማጠራቀሚያ ተሠራለት፤ ቧንቧ ወደ መንደር ወረደ፤ ቦኖ ተተከለ። አቶ ሙሐመድኑርም የውሃ ኮሚቴው ሰብሳቢ ሆኑ።

ቦኖው በተመረቀ ዕለት ሼሆቹ ዱዓ አደረጉ፤ መምሬም ቧንቧውን በመስቀላቸው ባረኩ። ውሃው ፏ ብሎ ሲወርድ ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት። መምሬ ደስታውን አልቻሉትም፤ «ከዚህ የጠጣ ሁሉ ይዳን፤ ክፉ አይንካው!» አሉ። ቡራኬ ነው፤ የትኛውም ቄስ ይለዋል። እኛ ግን ቃል ኪዳን አደረግነው። በመስቀል የተባረከ፣ ያውም ከሩፋኤል ሥር የፈለቀ፣ ምን ያመጣል ተባለ። ማፍላት ቀረ፤ ጀሪካን ማጠብ እንኳ ቀረ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ሀናን ክሎሪን ይዛ በመጣች ጊዜ፣ «ልጄ፣ ጠበል ላይ መድኃኒት?» ብለው የመለሷት መምሬ ራሳቸው ናቸው። እሳቸው በሕይወት ሳሉ በየአደባባዩ የተናገሩትን እኔ ዛሬ ላሳምረው አልችልም።

በ2012 ዓ.ም. ለንግሥ ለሚመጣው ምእመን መጸዳጃ ቤት ይሠራ ተባለ። የት ይቆፈር በሚለው ነገር ሽማግሌዎቹ ሰነበቱበት። በኋላ ለመቅደሱ ክብር ሲባል ከቅጥሩ ውጪ፣ ሰው ከማያይበት ከተዳፋቱ ጫፍ ተቆፈረ። ቦታውን የመረጡት መምሬ ናቸው፤ ሁሉም ጨዋነታቸውን አደነቀ። ከተዳፋቱ ሥር ደግሞ ምንጩ አለ። መቅደስ እንዳይደፈር ሲታሰብ ውሃው ለማንም ትዝ አላለውም።

በ2015 ዓ.ም. ክረምት ቦኖው ዝናብ በጣለ ማግስት ይደፈርስ ጀመር። የሕፃናት ተቅማጥ በዛ። ሀናን እንደገና መጣች፤ የመጀመሪያው መልስ አላስቀየማትም፣ እግዜር ይስጣት። ይህን ጊዜ መምሬና አቶ ሙሐመድኑር ምርኩዛቸውን ይዘው ወደ ምንጩ ወጡ። ከመጸዳጃ ቤቱ በታች ያለው አፈር እርጥብ ሆኖ ይሸታል፤ እርጥበቱም እየተንፏቀቀ ምንጩ ወደታጠረበት ስሚንቶ ይወርዳል።

አቶ ሙሐመድኑር፣ «ያ ረቢ! መምሬ፣ ይሄ ወደኛ እየወረደ እኮ ነው» አሏቸው።

መምሬ ምርኩዛቸውን እርጥቡ አፈር ላይ ተከሉ። ከዚያ፣ «ያስቆፈርሁትም እኔ፣ የባረክሁትም እኔ» አሉ። አቶ ሙሐመድኑር ይህን ትናንት ሲነግሩኝ አለቀሱ።

በቀጣዩ እሑድ ቅዳሴ ሲያልቅ ሕዝቡን አስቁመው ሁሉንም ነገሩት። «ቧንቧውን ባረክሁት እንጂ አላጠብሁትም። ጠበል የተጸለየበት ውሃ ነው፤ ይሄ የጓዳ ውሃ ነው። አፍልታችሁ ጠጡ። ይቺ ልጅ ሀናን የምትሰጣችሁንም ክሎሪን ተቀበሉ» አሉ። መጸዳጃ ቤቱ ተዘጋ፤ ጉድጓዱም ተደፈነ። አፈሩ የጠጣውን ግን ማን ያወጣዋል? ለምርመራ ወደ ደሴ የተላከው ውሃም በመንገዱ ችግር ይሁን በሌላ፣ ይኸው እስከ ዛሬ መልስ የለውም።

ሰውስ ምን አለ? ከፊሉ መምሬ አረጁ አለ። ከፊሉ ጠበል ካዱ ብሎ ንስሐ አባት ቀየረ። የቀረው እሺ እሺ ብሎ ቤቱ ሲገባ ከቧንቧው ይጠጣል። ማገዶ ውድ ነው፤ ክሎሪኑም ይሸታል፤ ደግሞም ስንት ዘመን ጠጥተነው ምን ሆንን ይባላል። ወይ ጉድ! ስንት ልጅ ታሞ፣ ምን ሆንን ይባላል።

ከዚያ ወዲያ መምሬ እንቅልፍ አልነበራቸውም። ሰላምታቸው ሳይቀር ተለወጠ፤ ገና ሰው ሲያገኙ «የልጁ ሆድ እንዴት ነው?» ይላሉ። ጠዋት ጠዋት ቦኖው ዘንድ ቆመው ውሃውን በመዳፋቸው ይዘው ያሸታሉ። የፈላ ውሃ በኮዳ ይዘው ስለሚዞሩ ሕፃናቱ «ባለኮዳው» ብለው ስም አወጡላቸው። እኔም ከከተማ ስመጣ፣ ኧረ አባዬ ሰው ሳቀብን እላቸው ነበር። እሳቸው፣ «ይሳቁ፣ ብቻ ያፍሉት» ይሉኛል። ሰው ቤት ሄደው ውሃ ሲቀርብላቸው ግን ይጨነቁ ነበር። ኮዳውን ቢያወጡ ባለቤቲቱን ሰደቡ ነው፤ ባያወጡ ደግሞ የነገሩንን ራሳቸው ሻሩት ነው።

ባለፈው ሰኔ መጨረሻ የንስሐ ልጃቸው የሆነችው የሻለም ትንሹ ወንድ ልጇ በተቅማጥ ታሞ ሞተባት። መምሬ ፈትተው ቀበሩት፤ ከቀብር ሲመለሱም ለቅሶ ቤቱ ገቡ። ሥርዓታችን እንደምታውቁት ነው፤ ለቅሶ ቤት የቀረበውን ባርኮ ቀድሞ የሚቀምሰው ቄሱ ነው። የሻለም ራሷ ተነሥታ፣ ከጀሪካን በማሰሮ የገለበጠችውን ውሃ በጣሳ ቀድታ በሁለት እጇ ሰጠቻቸው። ያልፈላ መሆኑን መምሬ አውቀዋል። ቤቱ ሙሉ ሰው ያያቸዋል። እምቢ ቢሉ፣ ልጅሽን የገደለው ይሄ ነው ብለው ገና አፈሩ ላልደረቀባት እናት በሰው ፊት መናገራቸው ነው።

ባረኩና ጠጡ። ጣሳውን እስከ ታች ጨለጡት። ከዚያ ማሰሮውን አምጡልኝ አሉ፤ ጸሎት አድርሰው የተረፈውን በሙሉ በሰዉ ላይ፣ በግድግዳው ላይ፣ በደጃፉ ላይ ረጩት። ሰው ሁሉ በረከት ነው ብሎ ራሱን ዝቅ አድርጎ ተቀበለ። ማሰሮው ባዶ ሆነ፤ ከእሳቸው በቀር ማንም አልጠጣም። ለምን እንዲያ እንዳደረጉ ማታ ለእናታችን ብቻ ነገሯቸው፤ ለሌላ ሰው እንዳይናገሩም አደራ አሏቸው።

ሐምሌ አጋማሽ ላይ ትኩሳት ያዛቸው። መጀመሪያ ብርድ ነው አሉ፤ ቆይቶ ሆዳቸው ተነፋ። መካነ ሰላም ሆስፒታል ስናደርሳቸው የአንጀት ተስቦ ነው ተባለ። ሐኪሞቹ የሚችሉትን ሁሉ አድርገዋል፤ እግዚአብሔር ያክብርልን። ያ ጣሳ ነው ብዬ ልምል አልችልም፤ ምርመራው ይህን አይናገርም። እኔ ግን ሌላ የጠጡትን ያልፈላ ውሃ አላውቅም፤ እናታችንም አያውቁም።

የሻለም ነገሩን ከማን እንደሰማች እንጃ፤ ሆስፒታል ድረስ መጣች። አልጋው ሥር ተንበርክካ፣ «አባቴ፣ ምነው እምቢ ባሉኝ!» አለች። መምሬ ድምፃቸው ደክሞ ነበር። «ልጅሽን ቀብረሽ፣ በሁለት እጅሽ ስትሰጪኝ፣ ምን አፍ አለኝ?» አሏት። ቀጥለውም፣ «እኔ አልቻልሁም፤ እናንተ ልመዱ» አሉ። እኔ አጠገባቸው ነበርሁ፤ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

መምሬ ወልደሩፋኤል ትናንት ነሐሴ 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ስልሳ ዘጠኝ ዓመት ሊሞላቸው ጥቂት ሳምንታት ሲቀሯቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ። የትዳር አጋራቸውን ወይዘሮ ብርሀንነሽን፣ ሁለት ወንዶችና ሦስት ሴቶች ልጆቻቸውን፣ የልጅ ልጆቻቸውን፣ ወንድም የማይተካቸውን ጓደኛቸውን አቶ ሙሐመድኑርንና ብዙ የንስሐ ልጆቻቸውን ጥለውብን ሄደዋል።

አሁን ኃይለኢየሱስ ድምፅህን ከፍ አድርግ፤ ከድንኳኑ ውጪ ያሉትም ይስሙ። የፍልሰታ ጾም ላይ ነን። ከአጅባርና ከከላላ መንገድ ሌሊት ተነሥታችሁ በባዶ ሆድ የመጣችሁ አላችሁ፤ የሙስሊም ጎረቤቶቻችንም ከጠዋት ጀምረው እየቆፈሩ ነው። ቀብሩ ሲያበቃ ትጠማላችሁ። ሌሊቱን ዘንቧል፤ ቦኖው ዛሬ ጠዋት ደፍርሶ ነው የወረደው። እንደ ወጋችን የቅሬው አባላት፣ እድርተኞቻችን፣ ከየቤታቸው ጀሪካን ጀሪካን ይዘው መጥተውልናል፤ እግዜር ይስጥልን፤ ግን የትኛው የፈላ፣ የትኛው ያልፈላ እንደሆነ አላውቅም። ይህን ስጽፍም ልቤ ያለው እዚያ ጀሪካኖቹ ዘንድ ነው። ዛሬ ከመካከላችሁ አንድ ሰው፣ በተለይም አንድ ሕፃን፣ እኛን ላለማስቀየም ብሎ ጠጥቶ ቢታመምብን አባታችንን ሁለተኛ ጊዜ መቅበር ነው።

በድንኳኑ መግቢያ በቀኝ በኩል ሰማያዊ በርሜል አለ። ውስጡ ያለው የፈላ ነው፤ ሀናንም አይታዋለች። ከማለዳ ጀምራ እሳቱ ፊት ተቀምጣ ያፈላችው የሻለም ናት። አትቀመጪ፣ ሐዘንተኛ ነሽ ብንላት እምቢ አለች። ከዚያ በርሜል ጠጡ። ከሌላ ዕቃ የሚቀዳላችሁ ሰው ቢኖር፣ እናታችን ራሳቸው ቢሆኑ እንኳ፣ እጃችሁን ሰብስቡ፤ አንቀየማችሁም። የሚቀየም ዘመድ ካለም ከእኔ ጋር ይነጋገር።

የሩፋኤል አምላክ የአባታችንን ነፍስ በደጋግ አባቶች ማረፊያ ያኑርልን፤ ለእናታችን ብርታቱን ይስጥልን። እሳቸው ያጡትን፣ እምቢ የሚልበትን አፍ ለእኛ ይስጠን። አሜን በሉ።