የጠርሙሶቹ ቁልፍ በኪስዎ ላለው የድንገተኛ ክፍል ኃላፊ

ለተከበሩ የሆስፒታላችን ድንገተኛ ክፍል ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ነው? በቅርቡ ከሕመም መነሣትዎን ሰምቻለሁና እንኳን ለዚህ አበቃዎ። እኔ በክፍልዎ በር ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ የወንድሜን ነገር ስጠብቅ የነበርኩት ሴት ነኝ። ወንድሜ የአውቶቡስ ሹፌር ነበር፤ ነበር ማለቴን ልብ ይበሉልኝ።

ሰሞኑን በሩ ላይ ያስለጠፉትን ማስታወቂያ በታላቅ አክብሮት አነበብኩት። የደም ካልቸር፣ ማለትም ደም በጠርሙስ ተቀድቶ ጀርም ይበቅልበት እንደሆነ የሚታይበት ምርመራ፣ ብዙ ጊዜ ባዶ ስለሚወጣ ከእንግዲህ ይቅር ይላል። ውሳኔዎን እያደነቅሁ ቅሬታዬን በትሕትና አቀርባለሁ።

1. ጠርሙሶቹ እንዳይባክኑ በቢሮዎ ቁም ሣጥን ቆልፈው፣ ቁልፉን በኪስዎ ይዘው ስብሰባ ስለሚገቡ አመሰግናለሁ። ወንድሜ ጥርሱ እየተንገጫገጨ ሲንቀጠቀጥ ነርሷ ቁልፍ ፍለጋ ሄዳ ባዶ እጇን ተመለሰችና የጀርም መግደያውን መርፌ ወጋችው፤ ምን ታድርግ? ደሙ የተቀዳው ስብሰባዎ ሲያልቅ ነው።

2. መድኃኒት ከገባበት በኋላ የተቀዳ ደም ምን ሊበቅልበት ኖሯል? አረም ማጥፊያ ረጭቶ ማሳዬ አረም አያውቅም እንደማለት ነው። እርስዎ ግን ውጤቱን አይተው፣ ጀርም የለበትም፣ ድካም ነው ብለው መርፌውን አስቆሙና ወደ ቤቱ ሸኙት። እናታችን እጅዎን ይዛ መርቃዎት ነበር፤ ምርቃቷን መልሳ መውሰድ ብትፈልግ ለየትኛው ቢሮ ታመልክት?

3. ትኩሳቱ ተመልሶ መጣና ወንድሜ በእናታችን ዓይን ፊት ሞተ። ከክፍልዎ አንዲት ሐኪም እንዳስረዳችኝ፣ ደሙ ከመርፌው ቀድሞ ቢቀዳ ኖሮ ጀርሙ ይታወቅ፣ መርፌውም ባልቆመ ነበር። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ እንዲሉ፣ ጥፋቱ የቁልፉ ሆኖ ሳለ የተባረረው ምርመራው ሆነ።

እንደምጠላዎት በአክብሮት እየገለጽኩ፣ ማስታወቂያውን እንዲያነሡና ጠርሙሶቹን ከአልጋዎቹ አጠገብ እንዲያስቀምጡ እለምንዎታለሁ። አግዳሚው ላይ ዛሬም የሰው እህት ተቀምጣለች።

የኪስዎን ጥልቀትና የስብሰባዎን ርዝመት ዘወትር የማልረሳ፣
የሹፌሩ እህት

ማሳሰቢያ፦ ማስታወቂያው ከመለጠፉ በፊት፣ እርስዎ ትኩሳት የያዘዎት ዕለት ያቺው ነርስ መርፌዋን ይዛ ስትቀርብ፣ መጀመሪያ ደሜን ቅጂ ብለው ቁልፉን በገዛ እጅዎ ከኪስዎ አውጥተው እንደሰጧት ሰምቻለሁ። ጀርሙ በቀለ፣ መድኃኒቱ ተመረጠልዎ፣ ዳኑ፤ እንኳን ደስ አለዎት። እኔ ግን ባያውቅ ነው ብዬ ይቅር ልልዎ ትንሽ ቀርቶኝ ነበር።