እናትህ፣ ማሽኔና የጣሪያው ታንከር

ውድ ሹፌሬ፣

ይህን በስልክ ልነግርህ አስቤ ነበር፤ መሪ እንደያዝክ በሳቅ መንገድ እንዳትስት ብዬ በደብዳቤ አደረግኩት። መኪናህን ጥግ አስይዘህ አንብበው። ሚስትህ ኮርታለች። የቆጨኝ አንድ ነገር ቢኖር፣ የኮራሁበትን ጉዳይ ከአንተ በፊት ሕንፃው በሙሉ መስማቱ ነው።

ስትሄድ ያልከኝን አልረሳሁም። "እናቴ ናት፣ አንገትሽን ደፍተሽ እለፊያት" ብለኸኝ ነበር። እሺም ብዬህ ነበር። ግን የጣሪያው ታንከር በላይ በላዩ ሲደርቅ፣ የነዋሪዎች ኮሚቴ ሰብሳቢዋ እናትህ ደረጃ ሥር ያለችው ላውንደሪዬ ትዘጋ ብለው ስብሰባ ጠሩ። ያቺ ክፍል ለእኔ ምን እንደሆነች ታውቃለህ። በየሰው ቤት እየዞርኩ ልብስ ሳጥብ ኖሬ፣ የራሴን ቁልፍ የያዝኩባት የመጀመሪያ በር ናት። አንገቴን ልደፋ ሞከርኩ፤ እምቢ አለኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ነዋሪው ተሰበሰበ። እናትህ ብድግ አሉና፣ "እኛ ፊታችንን የምንታጠብበት አጥተን ማሽኑ እንደ ልቡ ይንቦጫረቃል!" አሉ።

"እማማ፣ እንግዲያው ወርደው በዓይንዎ ይዩት" አልኳቸው።

ሁሉም ተከትሎኝ ወረደ። ቆሻሻ ውሃ ማስወጫውን ቱቦ ባልዲ ውስጥ ከተትኩ፣ ሌሎች ባዶ ባልዲዎችም ደረደርኩ። አንሶላዎቹን አስገብቼ፣ እንደ ልማዴ ሳሙና ጨምሬ ማሽኑን አስነሳሁ።

መጀመሪያ ያለ ውሃ ዞረ።

"ይኸው፣ ተበላሸ" አሉ እናትህ።

"አልተበላሸም እማማ፣ ሸክሙን እየመዘነ ነው።" መመሪያውን እንደ ፈተና ነው ያጠናሁት። ሞተሩ ልብሱን ለማዞር ምን ያህል እንደከበደው አይቶ፣ ለጥቂት ልብስ ጥቂት፣ ለብዙው ደግሞ በዛ ያለ ውሃ ይወስዳል። ውሃው መግባት ሲጀምር እናትህ መስታወቱ ላይ አፈጠጡ። "በዚህማ ድመት አይታጠብም!" አሉና፣ ማንም ሳይቀድማቸው የሳሙናውን መሳቢያ ስበው አንድ ጆግ ውሃ ደፉበት።

ማሽኑ ምን አደረገ መሰለህ? በውስጡ ቀጭን ቱቦ አለችው፤ ውሃው ከፍ ባለ ቁጥር እሷ ውስጥ ያለው አየር ይጨመቃል፣ በዚያም ውሃው የት እንደደረሰ ያውቃል። የእናትህን ጆግ ከራሱ ድርሻ ቀነሰና ቀደም ብሎ መቅዳቱን አቆመ። ይህንን ሳስረዳ ሰዉ በሳቅ ፈነዳ። እናትህ አልሳቁም። እኔም እንደምንም ሳቄን ዋጥኩት።

ነገር የተበላሸው ሲያለቀልቅ ነው። ያለቀልቃል፣ ይደፋል፤ እንደገና ያለቀልቃል፣ ይደፋል። ባልዲዎቹ ሞልተው አለቁ፣ እሱ ግን አላበቃም።

"አያችሁ!" አሉ እናትህ። "እኔ ምን አልኩ?"

ፊቴ እሳት ሆነ። ያ ሲስቅልኝ የነበረ ሰው ሁሉ አሁን ወደ እሳቸው ዞሯል። ባልዲዎቹን ጎንበስ ብዬ ሳይ ግን አረፋው ከአፋቸው ተርፎ ይፈሳል። ያን ጊዜ ገባኝ። ይህ ማሽን ውሃው መጥራቱን በብርሃን የሚያይበት ነገር አለው፤ እስኪጠራለት ደግሞ ማለቅለቁን አይተውም። እኔ ደግሞ "የእሷ እጥበት ልዩ ነው" እንድባል ሳሙናውን በየቀኑ በእፍኜ እዘረግፍበታለሁ።

በሆነ ነገር ማመካኘት እችል ነበር። አላመካኘሁም። "እማማ እውነታቸውን ነው፣ ውሃችሁን የጨረስኩት እኔ ነኝ" አልኩ። "ጥፋቱ የማሽኑ ሳይሆን የእጄ ነው። ሳሙና አበዛለሁ፤ እሱም የእኔን ሳሙና ለማስለቀቅ የእናንተን ውሃ ይደፋል። አንድ ጊዜ ብቻ ልድገመው።" እንደዚያ ቀን ቀጥ ብዬ ቆሜ አላውቅም።

ባልዲዎቹን ደፍቼ ያንኑ ያህል አንሶላ አስገባሁ፤ ሳሙናውን ግን በዕቃው ክዳን ለክቼ። ማሽኑ አጥቦ፣ አለቅልቆ፣ ጨምቆ ጸጥ ሲል ከባልዲዎቹ ግማሾቹ ጠብታ አልነካቸውም። እናትህ አንሶላውን አወጡ፣ ወደ ብርሃኑ ዘረጉት፣ አሸተቱት። የላውንደሪዬ ዕድሜ ያለው እሳቸው አፍንጫ ላይ ነበር።

"ማሽኑ ጨዋ ነው" አሉ በመጨረሻ። "የዚህች እጅ ግን ቸር ነው፣ አይታመንም። ላውንደሪው ይቀጥል። ሳሙናውን ግን ከነገ ጀምሮ የምሰፍረው እኔ ነኝ!"

ቀልድ መስሎኝ ነበር። ጠዋት ስወርድ ክዳኗን ይዘው በሩ ላይ ቀድመውኝ ተቀምጠዋል። ታንከሩም ከዚያ ወዲህ አልደረቀም። ትናንት አንዲት አዲስ ደንበኛ ሳሙና ጨመር እንዲያደርጉላት ለመነቻቸው። "አይሆንም፣ ማሽኑ ያያል" አሏት። ሴትዮዋ ተናዳ፣ "ለመሆኑ የዚህ ቤት ባለቤት ማን ነው?" አለች። እናትህ ከወንበራቸው ሳይነሱ በጣታቸው ወደ እኔ ጠቆሙ፤ "እሷ ናት፣ ልጄ። እኔ ተቀጣሪ ነኝ" አሉ።

በሰላም ግባልኝ።

የእናትህ አሠሪ፣
ሚስትህ