ሽበት ማዘዝ ክልክል ነው

ቅዳሜ፣ ኅዳር 6፣ ደ/ታቦር

ጉልበቴ ዛሬም አቤት ይላል። ልጆቹ በእንግሊዝኛ ሲያስነሡኝ፣ ሲያስቀምጡኝ፣ ሲያስዘልሉኝ አረፈዱ። ከጉና የወረደው ብርድም ክፍሉ ውስጥ አብሮን ይማራል፤ መዝለሉ ያሞቃል። ጨዋታው የኔ ፈጠራ ነው፦ እነሱ ያዝዛሉ፣ እኔ እታዘዛለሁ። ዝለል ሊለኝ ፈልጎ ላጉረመረመ ግን፣ ያልገባኝ መስዬ እንደ አህያ አቧራ ላይ እንከባለላለሁ። ይህን የእንግሊዝኛ ክፍል የከፈተችው የእህቴ ልጅ ገነት ናት፣ ከኩዌት መልስ። ፊደሉን እሷ፣ አፍ ማስከፈቱን እኔ። የኔ የእንግሊዝኛ መምህር ሬዲዮ ነው። ሬዲዮ ተማሪውን አይቆጣም፤ ስለዚህ ማንንም ሳልፈራ እናገራለሁ።

ትልቁ ዜና፦ ሙሉ ተናገረች! ከተማሪዎቹ ሁሉ ታንሳለች። ከመስከረም ጀምሮ ነጠላዋን ነክሳ ዝም። ዛሬ ብድግ ብላ «ሲት ዳውን!» ስትል ጮኸችብኝ። ከድንጋጤዬ ብዛት ወንበሩን ስቼ መሬት ላይ ተቀመጥሁ። ደብተሬ፣ አትሳቅ።

እሑድ፣ ኅዳር 7፣ ከቅዳሴ መልስ

ወይ ጣጣ። የሙሉ አያት፣ አያ ይርጋ፣ ትናንት ሊወስዷት መጥተው በር ላይ ቆመው አይተዋል። ልጂቱ የኔን ሽበት ስታዝዝ! ዛሬ ደጀ ሰላሙ ላይ ገነትን ያዟት። ዛሬ ሽማግሌ ያስቀመጠች፣ ነገ እኔን ውኃ ቅዳ ትለኛለች አሉ። ሙሉ ከትምህርቱ ቀርታለች። ገነት፣ አጎቴ ቀልድህ ልጅ አስወሰደብን ብላ አኮረፈችኝ። እኔን የሚቆጨኝ ሌላ ነው። ያ አፍ ገና መከፈቱ ነበር። አሁን ከተዘጋ ማን ይከፍተዋል?

ዓርብ፣ ኅዳር 12፣ ሚካኤል

ወደ አያ ይርጋ ቤት ሽማግሌ ላክሁ። ወግ ነው። የላክኋቸው ሽማግሌዎች ግን የወተት ጥርሳቸውን ነቅለው ገና አልጨረሱም። የአባቶቻቸውን ጋቢ አልብሼ፣ ዱላ አስይዤ ከተማሪዎቹ ሦስቱን። እኔ ከአጥሩ ኋላ፣ ድንጋይ በጫንቃዬ፤ የበደለ ሰው ይቅርታ የሚለምነው እንዲያ ነው።

አያ ይርጋ ተቀመጡ አሏቸው። ጉዳያችን ሳያልቅ አንቀመጥም አሉ፣ ልክ እንዳስጠናኋቸው። በዳዩስ የት አለ ቢባሉ፣ ሦስቱም ጣታቸውን ወደ አጥሩ ቀሰሩ። ከሃዲዎች! ወጣሁ። አያ ይርጋ ድንጋዩን አውርድ አላሉኝም፤ ጠላቸውን እየጠጡ አዩኝ። ሲበቃቸው፦

«አንተ እስክትሸመግል ብጠብቅ እኔ እሞታለሁ። ትምጣ። ታናሽ ግን ታላቁን አያዝዝም። እኔም መጥቼ አያለሁ።»

ድንጋዩ እስካሁን አንገቴ ላይ ያለ ይመስለኛል። ቢሆንም ድል ነው።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13

መጡ። ሙሉ በጋቢያቸው ጫፍ ተከልላ። ጨዋታውን በዕድሜ አሰለፍሁት፦ አያ ይርጋ እኔን ያዝዛሉ፣ እኔ ገነትን፣ ገነት ትልልቆቹን፣ ትልልቆቹ ታናናሾቻቸውን። አያ ይርጋን «ስታንድ አፕ»ና «ሲት ዳውን» አስጠናኋቸውና አስነሥተው ሲያስቀምጡኝ፣ ደስታቸው! ደጋገሙት። ትእዛዙ ወረደ፣ ወረደ፣ ሙሉ ዘንድ ደረሰ። ከሷ በታች ማንም የለም። ግራ ቀኝ አየች። ነጠላዋ ወደ አፏ ሄደ።

ብልሃቴን ረገምሁ።

አያ ይርጋ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ዓይናቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። «በይ እስቲ እኔን» አሏት።

ነጠላዋን ከአፏ አወጣች። ከዚያ በቀጭን ድምፅ፦ «ስታንድ አፕ፣ አባባ።»

ዱላቸውን ተመርኩዘው ተነሡ። ሽማግሌ ቆሞ ማን ይቀመጣል? ገነት ተነሣች፣ እኔ ተነሣሁ፣ ክፍሉ በሞላ ተነሣ። ሙሉ ዙሪያዋን አየች፤ ሁላችንንም በአንድ አፍ እንዳቆመችን ገባት። ሳቋን ብትሰማው!

ቆርጫለሁ፦ ከሚመጣው ቅዳሜ ጀምሮ ትእዛዙ ከሷ ወደ እሳቸው ዞሮ እንዲገጥም፣ የአያ ይርጋ ወንበር ከሙሉ ፊት ለፊት ይሆናል።