የዘምዘም ጉሮሮ

ሰኞ

ሦስት ጊዜ በመርፌ ወጋኋት፤ ሦስቱንም ሳትኩ። እሷ ታየኛለች፤ ላብ ያጠመቀው እኔን ነው። በድንገተኛ ክፍል የመጀመሪያ ቀኔ ነው። ነርስ ትምህርት ቤት እርስ በርሳችን ስንወጋጋ ከክፍሉ የኔ እጅ ነበር የሚመሰገነው። ያ ግን የጤነኛ ተማሪ ክንድ ነበር። የዚህች ሴት ክንድ ነጥቷል፤ የደም ሥሯ የት እንደገባ አይታወቅም።

ዘምዘም ትባላለች። ሃያ ዓመት ቢሞላት ነው። ባሏ ሰይድና ጎረቤቶቹ ከቦሩ ሜዳ ወዲያ ካለ አገር በቃሬዛ ተሸክመው እስከ መኪና መንገድ አደረሷት፤ ከዚያ እህል በጫነ መኪና ደሴ ገቡ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ደም ስታስል ነው የከረመችው።

ጋሽ ይመር መጡ። የክፍላችን ድሬሰር ናቸው። ዲፕሎማ የላቸውም፤ ቁስል ሲያጥቡ፣ ሲሰፉ፣ ሲወጉ ግን ፀጉራቸው ሸብቷል። እጇን በሞቀ ፎጣ ጠቀለሉት። ጠበቁ። ዓይናቸውን ጨፍነው ዳሰሱ፤ አንዴ ወጉ፤ ገባ። ግሉኮሱ መንጠብጠብ ጀመረ።

«በዓይንሽ አትፈልጊው ልጄ፤ በጣትሽ ፈልጊው» አሉኝ፣ ማንም እንዳይሰማ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። በሰው ፊት «ሲስተር መሠረት» ነው የሚሉኝ።

ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ትንሽ ብቻ።

ማክሰኞ

ዛሬ የመጡ፦ ከቤት ጣሪያ የወደቀ ሰው፣ ውሻ የነከሳት ተማሪ፣ ሰኞ ገበያ ሰፈር በሬ የወጋው ነጋዴ፣ የፈላ ውሃ የተደፋባት ሕፃን። የነጋዴውን ጭን ጋሽ ይመር ሲሰፉ ክሩን የቆረጥኩት እኔ ነኝ።

ዶክተራችን ኩባዊ ነው። አማርኛው «ያማል?» እና «አይዞሽ» ናት፤ ለቀረው የክፍሉ ኃላፊ ሲስተር አስካለ ታስተረጉምለታለች። የዘምዘምን ደረት አዳመጠና ሳንባ ነቀርሳ ጠረጠረ። ራጅ ትነሣና አልጋ ሲገኝ ወደ ነቀርሳ ክፍል ትዛወር ተባለ። የከሳች፣ ደም የምታስል ሴት ናት። እኔም ብሆን ሌላ ነገር አይመጣልኝም ነበር።

ሰይድ ከኮሪደሩ አልተነሣም። «አብሽር፣ ትድናለች» አልኩት። «ኢንሻአላህ» አለ። ዓይኑ ግን አላመነኝም።

ረቡዕ

ከሰዓት በኋላ የሠራተኛው የፖለቲካ ስብሰባ ነበር። አልሄድኩም። ያልሄድኩበትን ምክንያት ልጻፍ።

የዘምዘምን አፍ ሳጸዳ እጄን ጨበጠችኝ። ድምፅዋ ስለተዘጋ ጆሮዬን አስጠጋሁ።

«ይላወሳል።»

«ምኑ?» አልኳት። በጣቷ ጉሮሮዋን አሳየችኝ።

ሰይድን ጠየቅሁት። «ወላሂ ሲስተር፣ ለሁላችንም ነግራናለች። እናቴ ጂኒ ነው ብላ ሼኹ ዘንድ ወስዳት ነበር።»

ባትሪ አበራሁ፤ ምላሷን ተጫንኩ። ከጉሮሮዋ ውስጥ ጥቁር ነገር ብቅ አለና ተመለሰ። የረጋ ደም ነው አልኩ። ግን የረጋ ደም ወደ ውስጥ አይመለስም።

ለማን ልንገር? ደም ሥር ያቃተኝ፣ ሦስተኛ ቀኔን የያዝኩ ነርስ ነኝ። ዶክተሩ ነቀርሳ ብሏል። የጸዳውን የመድኃኒት ጋሪ ደግሜ ስወለውል ቆየሁ። ዘምዘም ደግሞ አተነፋፈሷ እየከበደ ነው። በመጨረሻ ለሲስተር አስካለ ነገርኳት።

«አይተሻል ወይስ መሰለሽ?»

«አይቻለሁ።»

«እንግዲያው ነይ።» ሄዳ ዶክተሩን ከኦፕራሲዮን ክፍል በር ላይ ይዛው መጣች።

ጋሽ ይመር ሰምተው አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ፦ «ውሃ ከየት ነው የምትጠጡት?»

«ምንጩ ከደረቀ ወዲህ ከኩሬ ነው» አለ ሰይድ።

«አልቅት ነው» አሉ።

ሰይድ ራሱን ያዘ። «ያረቢ! ከላሞቼ ስንቴ አውጥቻለሁ! ከሰው ግን...»

ዶክተሩ አየ። ምንም የለም። ፊቴ እሳት ሆነ። ጋሽ ይመር ግን «ውሃ ሲሸተው ይወጣል» ብለው ቀዝቃዛ ውሃ በሳህን አስመጡ። ዘምዘምን ቀና አድርገን አስቀመጥናት፤ አፏን ከፈተች። ሳህኑን ከአገጯ ሥር የያዝኩት እኔ ነኝ። እንዳትጠጣ፣ እንዳትውጥ። ዶክተሩ ባትሪ ያዘ፤ ድሬሰሩ መቆንጠጫ ያዙ። ሐኪም ሆኖ ለድሬሰር መብራት መያዝ ቅንጣት አላሳፈረውም።

ክንዴ ዛለ። ዘምዘም እንባዋ ይወርዳል እንጂ አፏን አልገጠመችም። እንደዚህች ሴት ያለ ትዕግሥት አላየሁም።

ከዚያ ወጣ። ወደ ውሃው ተሳበ። ጋሽ ይመር አልቸኮሉም። ያዙት፤ ሳይጎትቱ ያዙት፤ ጨው የነካ ጥጥ አስነኩትና እስኪለቅ ጠበቁ። ለቀቀ። ደም የጠገበ፣ ጣቴን የሚያህል። ዘምዘም ረጅም ትንፋሽ ሳበች። ክፍሉ ውስጥ ያለን ሁሉ አብረናት የተነፈስን መሰለኝ።

ዶክተሩ በቋንቋው አንድ ነገር ጮኸ። ቀጥሎ የጋሽ ይመርን እጅ በሁለት እጁ ጨበጠ።

ሐሙስ

ደሙ ቆሟል፤ እሷ ግን ወረቀት መስላለች። ደም ያስፈልጋታል። ብዙ ሰው ደም ስጥ ሲባል ይሸሻል ብለውኝ ነበር። ሰይድን ጠየቅነው።

«ሙሉውን ውሰዱት» አለ። የምሩን ነው። እንደማይሞት ያወቀው ከሰጠ በኋላ ነው።

ደማቸው ገጠመ። ደሙን የወሰደችበትን መርፌ የወጋሁት እኔ ነኝ፣ በሁለተኛው ሙከራ። ጋሽ ይመር አጠገቤ ቆመው ግድግዳ ያዩ ነበር።

ዓርብ

ስብሰባ የቀረሁበት ነገር አልቀረም። ምክንያቴን በጽሑፍ እንዳቀርብ ታዘዝኩ፤ በሚቀጥለው ስብሰባ ሂስም ይጠብቀኛል ተባለ። ገና በሳምንቴ ስሜ መጥፎ መዝገብ ሊገባ! ሲስተር አስካለ ወረቀቱን ከእጄ ወሰደችና ቢሮ ገባች። ስትወጣ «እኔ አስቀረኋት ብያለሁ፤ ሥራሽን ሥሪ» አለች። እሷ አላስቀረችኝም። ሰው ለማያውቃት ልጅ እንዲህ ራሱን ይሰጣል?

ቅዳሜ

ዘምዘም በድምፅዋ ተናገረች። ወፍራም ድምፅ ነው ያላት፤ ሳቅኩ። «ስምሽ ማን ነው?» አለችኝ። ነገርኳት። «አላህ እጅሽን ይባርከው» አለች። የኔ እጅ ሳህን ብቻ ነው የያዘው አልኳት። «ጆሮሽንም ይባርከው» አለች።

ከሰዓት በኋላ ሌላ ወሬ። ለጋሽ ይመር የዝውውር ደብዳቤ መጣ፤ ወደ ሰሜን፣ የጦርነት ቁስለኞች ወዳሉበት። ረቡዕ ይሄዳሉ። በዚያ ዕድሜ! ደብዳቤውን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱና ፋሻ መጠቅለላቸውን ቀጠሉ።

«ጋሼ፣ እርስዎ ከሄዱ እኔ ምን እሆናለሁ?» አልኳቸው። ስለ እሳቸው መጠየቅ ሲገባኝ። አፈርኩ።

እሳቸው ግን አልታዘቡኝም። «ያላወቅሽውን አላውቅም በይ። ያየሽውን አየሁ በይ። ይበቃል።»

እሑድ፣ ኮምቦልቻ

በጠዋት አውቶቡስ የሐረጎን ቁልቁለት ወረድኩ። እናቴ ዘንድ ነኝ። ሁሉንም ነገርኳት። አልቅቱን ስነግራት አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። ስለ ጋሽ ይመር ስነግራት ደግሞ «ልጆች አላቸው?» አለች። አላውቅም። ሳምንት ሙሉ ከእጃቸው ስማር አንድ ቀን አልጠየቅኋቸውም።

እናቴ እደሪ አለች። አላድርም፤ የአሥሩ አውቶቡስ እንዳያመልጠኝ። ነገ ከተረኞቹ አንድ ሰዓት ቀድሜ እገባለሁ። ጋሽ ይመር ገና ሁለት ቀን አሏቸው።