ያልተከፈተው የመኪና ጨዋታ

ደማም፣ አል ሻጢእ
ኅዳር 14 ቀን 2004 ዓ.ም.

ይድረስ ከልቤ ለማትወጣው ለወልደየስ፤ ደብረ ማርቆስ

ለጤናህ እንደምን አለህ? እናትህ እትዬ ሸቱስ ጉልበታቸውን ተሻላቸው? ብርዱ ገብቷልና ጠዋት ጠዋት ውጭ አይቀመጡ በልልኝ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ይህን ደብዳቤ ይዛልኝ የምትመጣው ኬሪያ ትባላለች፤ ከጎናችን ባለው ቤት የምትሠራ የወሎ ልጅ ናት። አሠሪዋ ኹሩጅ መታላት፣ የመውጫ ወረቀት ማለት ነው፣ ቅዳሜ ትሳፈራለች። አዲስ አበባ ስትደርስ ለወንድምህ ትሰጠዋለች። ካገኘሃት እባክህ ደህና አድርገህ አመስግናት፤ በዚህ ቤት አጥር ላይ የሰማሁት አማርኛ ሁሉ የእሷ ነው።

ባለፈው ዓርብ ስትደውል «እናቴ ጌሾውን ገዝታ አስጥታዋለች፤ ለጥር ትደርሻለሽ አይደል?» ስትለኝ ዝም ያልኩት መስመሩ ተበላሽቶ አይደለም። ማዳም አጠገቤ ቆማ ነበር። አማርኛ ባታውቅም ፊቴን ታነባለች፤ ካለቀስኩ ደግሞ ስልኩን ትወስደዋለች። ስለዚህ በዚያ ስልክ የሚያምርብኝ «ደህና ነኝ» ብቻ ነው። አሁን ግን ነገሩን ከሥሩ ልንገርህ። የሚጀምረው በኮምፒውተር ጨዋታ ነው፤ አትሳቅ።

ሁለት ዓመቴ ለመስቀል እንደሞላ ታውቃለህ። በማግስቱ ጠዋት ለካፊሉ፣ ለአሠሪዬ ማለት ነው፣ ለአቡ ፈይሰል ሻዩን አቀረብኩና «ባባ፣ ውሌ አልቋል፣ ኹሩጅ ስጠኝ፤ ሰርግ አለብኝ» አልኩት። «ኢንሻአላህ፣ ከሐጅ በኋላ» አለኝ። ማዳምን ብጠይቃት «ሌላ ሠራተኛ ስናገኝ» አለች። ሌላ ሠራተኛ የሚፈልግ ሰው ግን በዚህ ቤት አላየሁም። ፓስፖርቴ አቡ ፈይሰል መሳቢያ ውስጥ ነው፤ የግቢው በር ቁልፍ ማዳም ጋ ነው። ባሕሩ ከእኛ ሁለት መንገድ ተሻግሮ ነው ያለው፤ እኔ የማየው ግን ጣሪያ ላይ ልብስ ሳሰጣ ብቻ ነው። ደህና መስኮት አለኝ ብዬ እጽናናለሁ፤ ኬሪያ እኮ የምትተኛው ዕቃ ቤት ነው።

እንግዲህ ይህ ቤት ጀዋሂር የምትባል ትልቅ ልጅ አለችው፤ የኮሌጅ ተማሪ። ሹፌሩ ኮሌጅ ያደርሳታል፣ ሹፌሩ ይመልሳታል፣ ከዚያ ክፍሏ ገብታ ኮምፒውተሯ ላይ ታፈጣለች። እዚህ አገር ሴት መኪና አትነዳም። እሷ ደግሞ እንደ መንዳት የሚያምራት ነገር የለም፤ ስንወጣ ከኋላ ተቀምጣ እግሯ ፍሬን ሲረግጥ አይቻታለሁ። ታዲያ በጥቅምት መጀመሪያ አንድ የመኪና ጨዋታ በኢንተርኔት ገዛች። በባሕር ዳርና በተራራ ላይ ብቻህን የምትነዳበት ነው አሉ። የከፈለችው በአባቷ የባንክ ካርድ ነው፤ ከምሳ በኋላ ጋደም ሲል ቁጥሩን ገልብጣ።

ጨዋታው ሲወርድ ዋለ፣ ሲወርድ አደረ። ስትከፍተው ዘፈኑ ይመጣል፣ ቀይ መኪና ብቅ ትላለች፣ ከዚያ ሁሉም ይጠቁርና ድርግም ይላል። አጥፍታ አበራች። ጸለየች። በመጨረሻ ኮምፒውተሩን በጥፊ መታችው። ይህኔ ነው የተጠራሁት።

«ሳራ! ተዓሊ፣ ተዓሊ!» ሰርክአዲስ የሚለው ስሜ አፋቸው ውስጥ ስለማይገባ እዚህ ሳራ ነኝ።

«አንቺ እንግሊዝኛ ትችያለሽ አይደል? የእናቴን መድኃኒት አንብበሽ የለ?»

«ትንሽ ትንሽ።»

«ሙሽኪላ ነው ሳራ፣ ትልቅ ሙሽኪላ! የባንኩ ወረቀት ሲመጣ ባባ ያየዋል። ካየ ኮምፒውተሩን ይወስደዋል፤ ኸላስ፣ እሞታለሁ። ለሻጮቹ ጻፊልኝና ይመልሱ። ከመለሱ ስለ ኹሩጅሽ ለባባ እኔ ራሴ እነግረዋለሁ። እኔን እምቢ ብሎ አያውቅም። ወላሂ!»

እውነት ነው፣ እሷን እምቢ ሲላት አይቼ አላውቅም። ልቤ ዘለለ ወልዴ። እጄ ላይ የሽንኩርት ሽታ እንዳለ ተቀመጥኩና አንተ ማሠልጠኛ ቤት የተማርኳትን ታይፕ ጀመርኩ። «ጣትሽን ሳታዪ ጻፊ» እያልክ እጄን የምትይዝበት ሰበብ ስትፈልግ ትዝ አለኝ። ሥራህን ግን አልሸሸግም፣ በደንብ አስተምረኸኛል።

አቤቱታ መጻፍ ለእኔ አዲስ አይደለም። አባቴ በመሬቱ ጉዳይ ቀበሌ ሲመላለስ ጸሐፊው እኔ ነበርኩ። አቤቱታ ደግሞ ሰላምታ አለው፣ ማክበር አለው፣ ማልቀስ አለው። እንግሊዝኛውም በዚያው ሄደ፦ ለተከበራችሁ የጨዋታ ሻጮች፣ እኔ አመልካቿ በሰው አገር ሆኜ፣ ገዝቼ ያልተጠቀምኩበትን ዕቃ፣ በእንባ… ጀዋሂር ጎንበስ ብላ እያየች «ማን ሞተ?» አለችኝ። «ዝም በይ፣ አቤቱታ እንዲህ ነው» አልኳት።

መልሱ ወዲያው መጣ። ማሽን ነው የመለሰው። ኮምፒውተሩን አጥፍታችሁ አብሩ አለ፤ አደረግን። ጨዋታውን ሰርዛችሁ እንደገና አውርዱ አለ፤ አደረግን፣ ያው ጠቆረ። ቀጥሎ ጥያቄያችሁ ለሚመለከተው ክፍል ተላልፏል አለ። ይህን ሳነብ ሳቄ መጣ፤ ለካ «ነገ ተመለሽ» በእንግሊዝኛም አለ። ጀዋሂር ተስፋ ቆረጠች። እኔ ግን ደጅ መጥናት ማን ያስተምረኝ! የምሳ ዕቃ አጥቤ በጨረስኩ ቁጥር አንድ አንድ እጽፍ ጀመር። አንድ ቀን ከታች ስም ያለው መልስ መጣ፤ ዳንኤል የሚባል ሰው ነው። ሰው በመሆኑ ደስ ብሎኝ «ባለቤትህ፣ ልጆችህ ደህና ናቸው ወይ? እግዚአብሔር ያሳድግልህ» ብዬ ላክሁ። ጀዋሂር «ማፊ! እንዲህ አይባልም!» ብላ ራሷን ያዘች። እሱ ደግሞ «ልጅ የለኝም፣ ድመት አለኝ፣ ደህና ናት፣ ስለጠየቅሽ አመሰግናለሁ» ብሎ መለሰ። ከዚያም ደንባቸውን ነገረኝ፦ ገዢው ቤት ገብቶ አልሠራ ያለን ጨዋታ፣ የመመለሻ ጊዜው ሳያልፍ ካሳወቁን እንመልሳለን፤ እናንተ ደግሞ በጊዜው አሳውቃችኋል አለ።

ይህን አንብቤ በጣም ደነገጥኩ። ለምን መሰለህ፣ እኛን የሚያመጡት ቢሮዎችም እንዲህ ያለ ደንብ አላቸው። ሠራተኛዋ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት አልሠራ ካለች፣ ካመማት ወይም ቤቱ ካልወደዳት፣ ቢሮው ይወስዳትና ሌላ ይተካል። ከሦስት ወር በኋላ ግን ተመላሽ የለም። ያን ጊዜ ማዳም በየማለዳው ስትጮህብኝ ኬሪያ በአጥሩ ላይ «ስሚኝ እህቴ፣ ሩዙን አሳሪው፣ ሸሚዙን በካውያ አቃጥዪው፣ ሆዴን በይ። ሦስት ወሩ ሳይሞላ ይመልሱሻል፤ ሌላ ቤት ታገኛለሽ ወይ አገርሽ ትገቢያለሽ» ብላኝ ነበር። እኔ ምን አልኩ? ሰርክአዲስ ሙያ የላትም ተብላ ተመለሰች ይባል? አባቴ ምን ይላል፣ እትዬ ሸቱስ ምን ይላሉ? እንዲያውም ማንም ሳያዘኝ መጋረጃውን አውርጄ አጠብኩ። ሩዛቸውን ከነሱ አስበልጬ ሠራሁ። አቡ ፈይሰል ቀምሶ «ሻጥራ!» አለኝ፤ ጎበዝ ማለት ነው። ያን ቀን ኮርቼ ነበር። ከኬሪያ ጋር አብረው የመጡ ልጆች ሩዝ አሳርረው ዛሬ አገራቸው ልጅ ታቅፈዋል፤ እኔ በሙያዬ ታሰርኩ።

የሆነው ሆኖ ዳንኤል ቃሉን ጠበቀ፤ ለዐረፋ ሰሞን ገንዘቡ ወደ ካርዱ ተመለሰ። ጀዋሂር አንገቴ ላይ ተጠምጥማ ጨፈረች። «ዛሬ ለባባ እነግረዋለሁ» አለች። ማታ እንግዳ መጣ። «ነገ» አለች። ነገም «ዛሬ ተቆጥቷል፣ ጥሩ ሲሆን» አለች። የአባቷ ልጅ ናት። እኔ ግን ጥርን እያሰብኩ ታገሥኩ፤ ማታ ማታ ሻንጣዬን አወጣና መልሼ አስገባ ነበር።

ባለፈው ሳምንት የባንኩ ወረቀት መጣ። ለካ ገንዘቡ ቢመለስም የወጣውም የገባውም ይጻፋል፤ ይህን እኔም እሷም አላሰብነው። ሻይ ይዤ ስገባ አቡ ፈይሰል ወረቀቱን ይዞ ልጁን እያየ ነው። ፊቷ አመድ ሆኗል። ወዲያው በጣቷ እኔን አሳየችው።

«ተመልሷል እኮ ባባ! ሳራ ናት ያስመለሰችው! አሜሪካ ድረስ እየጻፈች!»

ሰውየው ወረቀቱን አየ፣ እኔን አየ፣ ከዚያ ሆዱን ይዞ ሳቀ። «ሳራ? አንቺ? ከነዚያ ሰዎች ገንዘብ አስመለስሽ? ሻጥራ! ወላሂ ሻጥራ!» አለ። ኾበር ያለው ሱቁ የውኃ ፓምፕ መለዋወጫ ይሸጣል። ከውጭ ያመጣው ዕቃ ተበላሽቶ ደርሶ፣ ላኪዎቹ አንመልስም ብለው ያበሳጩታል። «እንግዲህ ለነሱም አንቺ ትጽፊልኛለሽ» አለኝ። ልጅቷ ተረሳች፣ ኮምፒውተሯ ተረፈላት። እኔ ሞኟ ጊዜው አሁን ነው ብዬ «ባባ፣ ኹሩጁስ?» አልኩት።

«የምን ኹሩጅ! እንዳንቺ ላለ ሰው ኹሩጅ ይመታል እንዴ?» ብሎ ሳቀ። ስድብ አልነበረም ወልዴ፤ ማመስገኑ ነበር። እሱ ነው ያቃጠለኝ።

ትናንትና አዲስ ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ ማለት ነው፣ ይዞልኝ መጣ። ሁለት ዓመት ታድሷል። «ማብሩክ ሳራ!» ብለው እንኳን ደስ ያለሽ አሉኝ፣ ማዳምም ጭምር። ጀዋሂር ቀና ብላ አላየችኝም። በኋላ ኩሽና መጥታ ሽቶ ሰጠችኝና «አንቺ ከሄድሽ እኔ ከማን ጋር አወራለሁ?» ብላ አለቀሰች፤ የምሯን ነው። ልጠላት ፈለግሁ፣ አልሆነልኝም። ሽቶውን ለእህትህ ልኬዋለሁ።

ኬሪያ ስትሰማ በአጥሩ ላይ «ሙያሽን ደብቂ ብዬሽ አልነበር?» ብላ ተቆጣችኝ። «ውጪ! ራካ ሰፈር ውስጥ ቤት ተከራይተው የሚኖሩ የአገር ልጆች አሉ፣ ያስጠጉሻል» አለችኝ። አስቤበታለሁ፣ አልዋሽህም። ግን ከወጣሁ ሁሩብ ብሎ ያስመዘግበኛል፤ ጠፍታለች ማለት ነው። ያኔ ፓስፖርት የለኝ፣ ኢቃማ የለኝ፣ ከአንድ የተቆለፈ ቤት ወደ ሌላ የተቆለፈ ቤት መግባት ነው። የዚያኛውንም ቤት ሥራ እንደ መጋረጃው አሳምሬ ዳግም እንዳልታሰር ፈራሁ።

እንግዲህ ለጥር አልመጣም። ይኸው ጻፍኩት። አፌ ስልክ ላይ እምቢ ያለኝ ይህን ነበር።

ደብዳቤውን ለእትዬ ሸቱ እንደምታነብላቸው አውቃለሁና ይህ ለእሳቸው ነው፦ እማምዬ፣ ጌሾው እንዳይወቀጥ አደራ። ከተወቀጠ ኃይሉ ይሄዳል፤ በቅጠሉ እንዳለ ደረቅ ቦታ ከተቀመጠ ግን ይቆያል፣ እርስዎ ነዎት ያስተማሩኝ። ነጭ ጤፉን እርጥበት እንዳይገባው ይዩት። ወይም ሌላ ድግስ ከመጣ፣ የቤቱ ድግስ ነውና ይጥመቁበት። እኔ ቅር አይለኝም።

ነገ የነቢያት ጾም ይገባል። እዚህ ሥጋውን ለቅሜ እያወጣሁ ሩዙን ብቻ እበላለሁ፤ ማዳም ሆዷን ነው የሚያማት ትላለች። ስታስቀድስ ስሜን አንሳልኝ፣ ሳራን ሳይሆን ሰርክአዲስን። የተዘጋውን የሚከፍት አምላክ ለአንተም ለማሠልጠኛ ቤትህም በሩን ይክፈት፤ እናትህን ያቆይልህ፤ ከክፉ ዓይንና ከመንገድ አደጋ ይሰውርህ። ዓርብ ስትደውል ስለ ጥር አትጠይቀኝ፤ ስለ ዝናቡ ጠይቀኝ።

የአንተው
ሰርክአዲስ

ወልዴ፣ ሌላ ድግስ ከመጣ ይጥመቁበት ያልኩትን እትዬ ሸቱ ፊት አታንብባት። ዝለላት።