ሁለት ቁልፍ ያለው ሣጥን

ይድረስ ለልጄ ለወልደጻድቅ ገብረ መድኅን፣ ካለህበት ካርኮቭ ከተማ።

ልጄ፣ ለማንም ነግሬው የማላውቀውን ነገር ከሰላምታዬ በፊት ልንገርህ፤ ሰላምታውን ካስቀደምኩ ወኔዬ ይከዳኛል። አባትህ ደብዳቤህን ሲያነብልኝ እኔም ከጎኑ ሆኜ አነብ ነበር። እሱ ጮክ ብሎ፣ እኔ በሆዴ። ይህን ሳያውቅ ነው የሞተው።

አሁን እንዴት ነህ? ጤናህ እንዴት ነው? ብርዱስ ለቀቀላችሁ ወይ? በረዶ ላይ ወድቀህ ያመመህ ጉልበትህ ዳነልህ? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ጉንፋን ይዞኝ ነበር፤ ለቆኛል። ፋሲካን ከአክስትህ ከተሻለች ጋር በሰላም አሳልፈናል። ሙቀቱ ግን ዘንድሮ ቀድሞ ገብቶ አልጋችንን ግቢ አውጥተን ነው የምንተኛው። ካንተ ናፍቆት በቀር የጎደለብኝ የለም እያልኩ አጽፍ ነበር፤ ዛሬ ግን ራሴ ስለምጽፍ እውነቱን እነግርሃለሁ፤ ብዙ ጎድሎብኛል።

ጽሕፈቱ የማን ነው ብለህ አትጨነቅ፤ የኔ ነው። ፊደሎቹ እየተለቁ መስመር የሚስቱት እጄ ስላልለመደ ነው።

ንባብን ያስተማረኝ የባቡር ጣቢያው ሰሌዳ ነው። ለአባትህ ምሳ ይዤ ምድር ባቡር በር ላይ ስጠብቅ፣ የጣቢያው ሠራተኛ ባቡሩ የሚያልፍባቸውን ጣቢያዎች ስም ሲጠራ እኔ ሰሌዳውን አያለሁ። ኤረር፣ አፍደም፣ ሚኤሶ፣ አዋሽ። ኤረር ፊት ስለምትጠራ መጀመሪያ የያዝኩት እሷን ነው። ከዚያ ፊደሎቿን በየሱቁ በር፣ በየዱቄቱ ጆንያ ላይ እየፈለግሁ ሌሎቹንም ለቃቀምኩ። መሠረተ ትምህርት ሲመጣ ደግሞ ቀበሌ ገብቼ መጻፉን ተማርኩ፤ ፈተናው ላይ ግን እንደማላውቅ ሆኜ ሆን ብዬ ወደቅሁ። አባትህ ሳቀብኝ። «የሺ፣ አንቺና ፊደል አልተዋደዳችሁም፤ ግድ የለም፣ እኔ አለሁልሽ» አለኝ።

እኔም የፈለግሁት ይህንኑ ነበር። እጁን ከዘይት አጽድቶ፣ መነጽሩን አድርጎ፣ አጠገቤ ቁጭ ብሎ መስመሩን በጣቱ እየተከተለ ሲያነብልኝ ከትዳራችን ሁሉ ያ ሰዓት ነበር የሚጥመኝ። ማንበቤን ቢያውቅ ወረቀቱን አስይዞኝ ወደ ጓደኞቹ ይወጣል ብዬ ፈራሁ።

አንድ ቀን ታዲያ ደብዳቤህ መሐል ላይ ጣቱ ዘለለ። የኔ ዓይን ግን አልዘለለም። «አባዬ፣ ያ ሳልህ ደም ካለው አንድ ቀን አትቆይ፣ አዲስ አበባ ሄደህ ታይ፤ እማዬም ትገፋፋህ» ብለህ ነበር። ደም እንዳለው አላውቅም ነበር፤ ላንተ ብቻ ጽፎልህ ኖሯል። ከሥር ስለ በረዶው የጻፍከውን አነበበልኝና አብረን ሳቅን። ተነሥ እንሂድ እንዳልለው ማንበቤን መናገር ሊኖርብኝ ነው። ነገ እነግረዋለሁ፣ ከነገ ወዲያ እነግረዋለሁ ስል፣ መንገድ የማይችልበት ቀን ደረሰ። ሐኪሙ ቀደም ብላችሁ ብትመጡ ኖሮ ብሎ አንገቱን ደፋ። እኔም ከዚያ ቀን ጀምሮ አንገቴን እንደደፋሁ ነኝ።

ይህን ዛሬ የማነሣብህ፣ ያው ዝምታዬ ዘንድሮ ባንተም ላይ ሊደገም ስለነበረ ነው።

የፖስታ ሣጥናችንን ታስታውሳለህ። ቁልፉ ሁለት ነው፤ አንዱ ከዚራ እኛ ቤት፣ አንዱ ከደቻቱ ወንዝ ማዶ መጋላ አክስትህ ዘንድ። አንተ የሄድክ ሰሞን ቀድሞ የደረሰ ደብዳቤህን ይዞት ይሄድና ሌላው ቤት ሳያየው ይከርም ነበር። በዚህ የተነሣ አባትህና እህቱ እስከ መኳረፍ ደርሰው፣ በኋላ አባትህ ሕግ አወጣ። ያነበበ ወደ ሣጥኑ ይመልሳል፤ ሁለቱም ቤት ሳያነብ ከሣጥኑ የሚቀር ወረቀት የለም። እሱ ካለፈ ወዲህ ግን እኔ አላነብም ስለሚባል፣ ተሻለች ደብዳቤህን ይዛ መጥታ ታነብልኛለች፤ መልሱንም እኔ እየነገርኳት ትጽፋለች። የኔ ቁልፍ ለማስታወሻ የቀረ ይመስላት ነበር።

የየካቲቱን ደብዳቤህን ቀድሜ ያገኘሁት እኔ ነኝ። እንደ ልማዴ ቀስ ብዬ ከፍቼ አነበብኩት። ሁለት ዓመት ጨምረህ እንድትማር ተፈቅዶልሃል። ግንቦት እስኪያልቅ መልስ ካልደረሰህ ግን፣ ብቻዬን ነኝና ናልኝ እንዳልኩህ ቆጥረህ ጓዝህን ጠቅልለህ ትመጣለህ።

ልዋሽህ አልችልም፤ እንድትመጣ ነው የፈለግሁት። ና ብዬ ማጻፉን ግን ፈራሁ። የጎረቤታችን የሃሊሞ ልጅ አብዲቃድር፣ ደቻቱ አሸዋ ላይ አብሮህ ኳስ ይጫወት የነበረው፣ ስሙ ቀበሌ ተለጥፎ ለውትድርና ሄዷል። ከሄደ ወዲህ እናቱ የውጭ በሯን አትዘጋም። ከዚህ በላይ አልጽፍልህም፤ ይገባሃል። እናም ፖስታውን በሊጥ አሽጌ መለስኩት። ተሻለች ካመጣችው ታምጣው፤ ካላመጣችው እኔ አላነበብኩም። ግንቦት ያልፋል፣ ልጄ ይመጣል፣ ና ያለውም ሰው የለም ብዬ።

ተሻለች ቅዳሜ ቅዳሜ ከቢሮዋ ስትወጣ ሣጥኑን አይታ ወደ እኔ ትመጣለች። ደብዳቤ አለ ወይ እላታለሁ፤ የለም ትለኛለች። ሰኞ እኔ ሄጄ ስከፍት ደብዳቤው ቁጭ ብሏል። ለምን እንደምትዋሸኝ ግራ ገባኝ፤ እንዳልጠይቃት እኔም ራሴ እየዋሸሁ ነው። እንዲህ እንዲህ ስንል መጋቢት አለቀ።

በሰሞነ ሕማማት ዋዜማ በላይ በኩል ዘንቦ ደቻቱ ሞልቶ መጣ። ተሻለች ውሃው አስፈርቷት ቅዳሜ ሳትሻገር ቀረችና ሰኞ መጣች። እኔም ቁልፌን ይዤ ሣጥኑ ፊት ደረስኩ። ሁለታችንም ቁልፋችንን ከነጠላችን ሥር ደበቅን። ይሄኔ የፖስታ ቤቱ አብዱሰመድ በመስኮቱ ብቅ አለ። ሣጥኖቹ ከጀርባቸው ክፍት ናቸውና እሱ ሁሉን ያያል። «አቦ፣ ይህን ደብዳቤ እስከ መቼ ነው ስታወጡ ስታገቡት የምትኖሩት? በአንድ በኩል ሊጥ፣ በአንድ በኩል የቢሮ ሙጫ፤ ፖስታውስ አያሳዝናችሁም?» አለን።

ተሻለች ወደ እኔ ዞረች። «የሺ፣ አንቺ ታነቢያለሽ እንዴ?» አለችኝ። «አነባለሁ» አልኳት። መጀመሪያ ሳቀች። ሊጡን አይታ እዚያ ማዶ አገር ሙጫ የጠፋ መስሏት ኖሯል። ከዚያ ፖስታ ቤቱ ደጅ ካለው ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጣ አለቀሰች። እሷም አንብባው ስትመልሰው ነበር። «አትምጣ በይው ብልሽ ልጄን አራቀችብኝ ትይኛለሽ፤ ይምጣ ብልሽ ደግሞ የሃሊሞን በር በየሳምንቱ አየዋለሁ፤ ሌላ ሰው ያንብብላት ብዬ ተውኩት» አለችኝ። በይሉኝታ ተያይዘን አንተን እዚያ ያለ መልስ አስቀምጠንህ ነበር። እንባዋን ጠርጋ አንድ ነገር ጠየቀችኝ። «ታዲያ ለልጁ ማን ይመልስለት?»

እኔ እመልስለታለሁ አልኳት።

መልሴ ይኸውልህ። ልጄ፣ አትምጣ። ሁለቱን ዓመት ተማር። ይህን ስጽፍ ደስ ብሎኝ አይደለም፤ እንድትመጣ የምፈልገውን ያህል እየፈለግሁ ነው አትምጣ የምልህ። አንድ ጊዜ ማለት የሚገባኝን ሳልል ቀርቼ አባትህን አጣሁ። ባንተ አልደግመውም። ከእንግዲህ በኔ ስም ጻፍልኝ፤ ሲያስልህም ሆነ ጉልበትህን ሲያምህ ምንም አትዝለልብኝ።

አብሮህ ለሚኖረው ለአየነው ሰላም በልልኝ፤ እናቱ በገጠር ደህና ናቸው ብለውኛል። ሃሊሞ በአላህ ጥበቃ ያድርገው ብላሃለች። አብዱሰመድ ሰላም ብሎሃል፤ ደብዳቤው ግንቦት ሳያልቅ ይደርሳል ብሎኛል።

ተሻለች ማንበቤን አውቃለች። ጣቱ ስለዘለለው መስመር ግን ፋሲካን አብረን ስንውል እንኳ አፌ አልተከፈተልኝም። ወንድሟ ነው። ስለዚህ ይህን ወረቀት ቴምብሩን ለጥፌ ሳላሽገው ሣጥናችን ውስጥ አስቀምጠዋለሁ። ነገ ቅዳሜ ነው፤ በቁልፏ ትከፍተዋለች። በአባትህ ሕግ ሁለቱም ቤት ሳያነብ የሚሄድ ወረቀት የለም። በእኔ ብትቀየምም ያንተን መልስ እንደማታስቀር አውቃታለሁ። ፖስታው በቢሮ ሙጫ ታሽጎ ከደረሰህ፣ ያሸገችው እሷ ናት። ከሥር የራሷን ቃል ጨምራ ከሆነ አንብበው፤ ካልጨመረችም አትጠይቃት።

እናትህ የሺአረግ
ድሬዳዋ፣ ከዚራ
ሚያዝያ 11 ቀን 1977 ዓ.ም.

ይህ ወረቀት የሚደርሳቸው፦ አስቀድሞ ለገብረ መድኅን እህት ለተሻለች፤ ከእጇ ሲያልፍ ለልጁ ለወልደጻድቅ።